ሞራው ሞራ አይደለም

ከአንድ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ የዚህን ጽሑፍ ርእስ አይተህ «ይህ ሰው ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆነው?» ብትል አልፈርድብህም። ሐኪም አይደለሁም። የምማረው ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው። ስለ ባዮሎጂ የማውቀው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርሁትንና ባለፉት ጥቂት ወራት ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስሁ ያነበብሁትን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ዐይንና በዐይን ውስጥ ስላሉት ፕሮቲኖች ለመጻፍ የተነሣሁት ሥራ ፈትቼ አይደለም። አንዲት ቃል አያቴን የአንድ ዐይናቸውን ብርሃን ስላሳጣቻቸው ነው። የቃል ነገር ደግሞ የእኛ የአርትስ ተማሪዎች ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ የሚኖሩት በሰሜን ሸዋ ገጠር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቀኝ ዐይናቸው ይጭበረበር ጀመር። በመጀመሪያ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታቸው፤ ቀጥሎም በደጅ የሚያልፈውን ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ መለየት ተሳናቸው። «ሞራ ጋረደኝ» አሉ። ጎረቤቱም ሁሉ «አዎን፣ ሞራ ነው» አለ። ልጆቻቸው ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰዷቸው። እዚያ የነበረው ባለሙያ ዐይናቸውን በባትሪ ተመልክቶ «እማማ፣ ሞራው ገና አልበሰለም፤ ሲበስል ይምጡ» ብሎ መለሳቸው። አያቴም አዝመራውን እንደሚጠብቅ ገበሬ እስኪበስል ድረስ ተቀመጡ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ የክረምት ሌሊት፣ ያ ዐይን ቀላ፤ እንደ እሳት ፈጃቸው፤ ራሳቸውን ወጋቸው፤ አስታወካቸውም። መንገዱ ጭቃ ስለ ነበረ የሚወስዳቸው መኪና አልተገኘም። ከሳምንታት በኋላ ሕመሙ ሲበርድ ዐይኑም አብሮ በረደ። ዛሬ በዚያ ዐይን ቀኑን ከሌሊት አይለዩም።

የግራ ዐይናቸውም በተራው ሲደፈርስ ግን አልጠበቅንም። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ አምጥተናቸው በቀዶ ጥገና ዳነ። ፋሻው የተፈታ ዕለት አጠገባቸው ነበርሁ። በመጀመሪያ ያዩት የገዛ እጃቸውን ነበር። ገልበጥ አድርገው አዩትና «ምነው እንዲህ አረጀሁ!» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦

«ሞራውን የት አደረጉት? እስቲ አሳየኝ። ደግሞስ ይኼኛው ሳይበስል ከወጣ፣ ያኛውን ምን አስጠበቀን?»

መልስ አጣሁ። ያን ጊዜ አብሮኝ የነበረ የሕክምና ተማሪ ጓደኛዬን ጠየቅሁት። እርሱም በእንግሊዝኛ ጀመረልኝ፤ እኔም ተከተልሁት፤ በመጠኑም ገባኝ። «በል አሁን ይህንኑ ለአያቴ ንገርልኝ» ስለው ግን አፉን ከፍቶ ቀረ። ልተረጉምለት ሞከርሁ፤ እኔም አቃተኝ። ሁለት የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች፣ አንዱ የሳይንስ ባለቤት፣ አንዱ የቋንቋ ባለቤት ነኝ ባይ፣ በአንዲት ባልቴት ጥያቄ ፊት ዲዳ ሆንን። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። ሞራ ማለት በግ ስናርድ ከሆድ ዕቃው ላይ ተገፎ የሚወጣው፣ እንደ ሻሽ የሳሳው የስብ ሽፋን ነው። ሞራ ገላጭ የሚባለው ሰው ዘርግቶ የወደፊቱን አነብበታለሁ የሚለውም እርሱኑ ነው። አባቶቻችን በብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ባዩ ጊዜ ሞራ ብለው መጥራታቸው አያስነቅፋቸውም። ሌላውም ሕዝብ ያደረገው ይህንኑ ነው። ፈረንጆች ለዚሁ በሽታ የሰጡት «ካታራክት» የሚለው ስም ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ፏፏቴ ማለት ነው፤ የጥንት ሐኪሞች ከራስ ቅል ወደ ዐይን የሚወርድ ፈሳሽ ይመስላቸው ነበርና። የዐረብ ሐኪሞችም በዐይን ውስጥ የወረደ ውሃ ይሉት ነበር። ምሳሌ መስጠት ስሕተት አይደለም። ስሕተት የሚሆነው ምሳሌ መሆኑ ሲረሳና ሰው እንደ እውነት ቆጥሮ ሕይወቱን ሲመራበት ነው። ሞራ ካልን፣ ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ ልባስ ነው ብለን እናስባለን። ልባስ ከሆነ ደግሞ ይገፈፋል፤ በቅጠል ይጠረጋል፤ በጠብታ ይሟሟል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከብሌናችን በስተኋላ የምስር ክክ ሳይሆን የድፍን ምስር ቅርጽ ያለው፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ አካል አለ። ሌንስ ይባላል፤ ቃሉ ራሱ በላቲን ቋንቋ ምስር ማለት ነው። የሌንስ ሢሶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። በብዛት ያሉት ክሪስታሊን የሚባሉት ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲን የታጨቀበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን አያሳልፍም፤ ሥጋን ማየት ይበቃል። ሌንስ ብርሃን ሊያሳልፍ የቻለው ክሪስታሊኖቹ ተጠጋግተውና በእኩል ተደላድለው ስለ ተቀመጡ፣ አንዱም ከሌላው ጋር ስላልተጓጎለ ነው።

ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ቆዳችን ይታደሳል፤ ቀይ የደም ሴሎቻችን በአራት ወር ገደማ ይለወጣሉ። ሌንስ ግን ደም ሥር የለውም። በውስጡ ያሉት ሴሎች ለብርሃን እንዳይጋርዱ ሲሉ አስኳላቸውን ሳይቀር አውጥተው የጣሉ ናቸው። ስለዚህ አዲስ ፕሮቲን ሊሠሩ አይችሉም። በሌንሱ መካከል ያሉት ክሪስታሊኖች በእናታችን ማሕፀን ሳለን የተሠሩት፣ እስከ ዕለተ ሞታችንም የማይለወጡት ናቸው። አያቴ ሳይወለዱ የተሠሩት ፕሮቲኖች ከሰባ ዓመት በላይ ያለ ተተኪ አገልግለዋቸዋል ማለት ነው።

ታዲያ ምን ነካቸው? ይህን ለመረዳት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ማድ ቤት ይበቃል። እንቁላል ስንሰብር በአስኳሉ ዙሪያ ያለው ጥሬው «ነጭ» ክፍል በእውነቱ ነጭ አይደለም፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ፈሳሽ ነው። መጥበሻው ላይ ሲያርፍ ግን ይነጣል። እያንዳንዱ ፕሮቲን በራሱ ላይ በሥርዐት የተጠቀለለ እንደ ድውር ያለ ረጅም ሰንሰለት ነው። ሙቀት ሲነካው ጥቅሉ ይፈታል፤ የተፈታው ከተፈታው ጋር ይተበተባል፤ የተተበተበውም ብርሃን ይበትናል። የተጠበሰ እንቁላል ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ ሁሉ፣ በሌንስ ውስጥ የተጓጎለውም ፕሮቲን ወደ ቀድሞው ጥራቱ የሚመልሰው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። ልዩነቱ በሌንስ ውስጥ ነገሩን የሚያደርሰው እሳት ሳይሆን ዘመን መሆኑ ነው፤ የፀሐይ ጨረር፣ የስኳር በሽታ፣ ትምባሆና በዐይን ላይ የደረሰ ጉዳት ያፋጥኑታል።

ሰውነታችን ይህን ዝም ብሎ አያይም። በ1992 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ጆሴፍ ሆርዊትዝ የተባለ ተመራማሪ ከክሪስታሊኖቹ አንዱ፣ አልፋ ክሪስታሊን የሚባለው፣ የጠባቂነት ሥራ እንዳለው አሳየ። ጥቅሉ ሊፈታ የጀመረውን ጎረቤቱን ፕሮቲን ይዞ እንዳይተበተብ ያደርገዋል። ነገር ግን ይህም ጠባቂ ተተኪ የለውም። የተሸከመው እየበዛ፣ እርሱም እያለቀ ይሄዳል። ዕድሜ ሲገፋ ሌንሱ የሚደፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ለአያቴ የመጀመሪያ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፦ ሞራ የሚባል ልባስ አልነበረም። የደፈረሰው የዐይን ሌንስ ራሱ ነበር። ሐኪሙ ያወጣው የደፈረሰውን ሌንስ፣ በቦታው የተካውም የፕላስቲክ ሌንስ ነው። ይህንን መጀመሪያ ያደረገው በ1949 ለንደን ውስጥ ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ ሐኪም ነው። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላናቸው መስኮት ፕላስቲክ ተሰባብሮ ዐይናቸው ውስጥ የገባባቸውን አብራሪዎች ሲያክም፣ ስባሪው ዐይንን እንደማያስቆጣ አስተውሎ ነበር። ከ1992 ወዲህ ደግሞ በሕንድ አገር በማዱራይ ከተማ ሌንሱ በርካሽ ዋጋ መሠራት ስለ ጀመረ፣ ቀድሞ የባለጸጋ አገር ሕክምና የነበረው ለድኻ አገርም ሊደርስ ቻለ።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ያማል። «ያኛውን ምን አስጠበቀን?» በቀድሞው ዘመን ሐኪሞች ራሳቸው ይጠብቁ ነበር። የቀዶ ጥገናው ዘዴ ገና አልተሻሻለምና፣ ሌንሱ በሙሉ ሳይደፈርስ ቢነኩት አጥርቶ ማውጣት ያስቸግራቸው ነበር። ስለዚህ «ይብሰል» ማለት የዚያን ጊዜ የሳይንስ ቃል ነበር። ዘዴው ተለወጠ፤ ዛሬ ሰውየው ሥራውን ለመሥራት እስኪቸገር ካየ ይበቃል፣ መብሰሉ አይጠበቅም። ቃሉ ግን አልተለወጠም። ከሐኪም ቤት ወጥቶ ገጠር ገባና እዚያው ቀረ። አያቴን የጎዳቸው የአባቶች ድንቁርና አይደለም፤ ማንም መጥቶ ያላደሰው የትናንት ትምህርት ነው።

ከመጠን በላይ የቆየ ሌንስ ምን እንደሚያደርግም ዛሬ ይታወቃል። የተበላሹት ፕሮቲኖች ይሟሟሉ፤ በሌንሱ ሽፋን በኩልም ወደ ውጭ ያፈስሳሉ። እነርሱን ሊያጸዱ የሚመጡት የሰውነት ሴሎች ፕሮቲኑን ውጠው ያብጡና የዐይን ፈሳሽ የሚወጣበትን ረቂቅ ቦይ ከፕሮቲኑ ጋር ሆነው ይደፍኑታል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ በዐይን ውስጥ ግፊት ያይላል፤ ዐይኑ ይቀላል፣ ራስ ይወጋል፣ ያስታውካል። በቶሎ ካልታከመ የማየት ነርቭ ይሞታል፤ የሞተ ነርቭም አይነሣም። ያን የክረምት ሌሊት አያቴን ያገኛቸው ይኸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ሞራው በሰለ፤ ዐይኑም አብሮ ነደደ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ የአንድ ቤተሰብ ኀዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጽሔታችንን ገጽ ባላጣበብሁበት ነበር። በ2005 እና በ2006 በአገራችን በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶው ሕዝብ 1.6 የሚሆነው ዐይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህም ውስጥ ግማሽ ያህሉ ብርሃኑን ያጣው በዚሁ ሞራ በምንለው በሽታ ነው። ማለትም በአንድ አጭር ቀዶ ጥገና ሊድን በሚችል ነገር ነው።

ሌላ ቃል ደግሞ ልጨምር፦ ዳፍንት። በቀን በደንብ የሚያየው ልጅ ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳ ለግድግዳ ይዳብሳል። እኛም ከዐይኑ ሥር ያለውን ዕቃ ያላየውን ሁሉ «ዳፍንታም» እያልን እንሣለቃለን። የስድብ ቃል ያደረግነው ነገር የረኀብ ምልክት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በዐይናችን የኋላ ግድግዳ ላይ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። በ1876 ፍራንዝ ቦል የተባለ ሳይንቲስት ከእንቁራሪት ዐይን የወጣ ሬቲና በጨለማ ቀይ ሆኖ፣ ብርሃን ሲያገኘው ግን እየገረጣ እንደሚሄድ አየ። ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ሮዶፕሲን ነው። ሮዶፕሲን ከሁለት ነገር የተሠራ ነው፦ ኦፕሲን ከሚባል ፕሮቲንና ከቪታሚን ኤ ከሚገኝ ትንሽ ቅመም። ብርሃን ሲመታው ቅመሙ ጎባጣ የነበረው ይቃናል፤ ሲቃና ፕሮቲኑን ገፍቶ ቅርጹን ያስለውጠዋል፤ ከዚያ ተነሥቶ መልእክቱ ወደ አንጎል ይሄዳል። በምሽት የምናየው ሁሉ መጀመሪያው ይህች ጥቂት መቃናት ናት። በ1933 በሬቲና ውስጥ ቪታሚን ኤ መኖሩን ያገኘው ጆርጅ ዋልድ ነው፤ በዚህና ተከትሎ በሠራው ሥራ በ1967 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ቪታሚኑ ሲጎድል ኦፕሲኑ ባዶውን ይቀራል፤ ልጁም ሲመሽ አያይም። ጉድለቱ ከጸና የዐይኑ ፊት ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ይፈርጣል። ያን ጊዜ ዳፍንት መሆኑ ቀርቶ ጨርሶ መታወር ይሆናል።

በዚህ ላይ ሌላ ረቂቅ ነገር አለ። ጉበታችን ያከማቸውን ቪታሚን ኤ ወደ ዐይን የሚያደርሰው ጉበት ራሱ የሚሠራው ተሸካሚ ፕሮቲን ነው። ገንቢ ምግብ በጣም የጎደለበት ልጅ ይህን ተሸካሚ በበቂ አይሠራም። ስለዚህ በጎተራው እህል እያለ ጫኝ አህያ እንዳጣ ቤት፣ ቪታሚኑ በጉበቱ እያለ ዐይኑ ሊራብ ይችላል። ለሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠው የቪታሚን ኤ እንክብል ትልቅ ነገር ነው፤ ግን እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ጎመኑንና ካሮቱን አይተካም። እናት ይህን ብታውቅ፣ የቤቱን እንቁላል ሁሉ ገበያ ከማውጣቷ በፊት አንዱን ለልጇ ታስቀር ይሆናል። የነገራት ማን ነው? በምን ቋንቋ?

ከዚህ ላይ ወደ ዓለም እንመልከት። በ1995 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ የዋልተር ጌሪንግ ቤተ ሙከራ አንድ አስደናቂ ነገር አሳየ። ዐይን እንዲሠራ የሚያዝዝ አንድ ፕሮቲን አለ፤ ፓክስ 6 ይባላል። ለዚህ ፕሮቲን መሠሪያ የሚሆነውን የአይጥ ጂን ወስደው በዝንብ ክንፍና እግር ላይ እንዲሠራ ቢያደርጉት፣ በክንፉና በእግሩ ላይ ዐይን በቀለ። የበቀለውም የአይጥ ሳይሆን የዝንብ ዐይን ነው። ለአይጥ፣ ለዝንብና ለሰው ዐይን ተሠራ ብሎ የሚያዝዘው ቃል አንድ ነው ማለት ነው! በዲሴምበር 2017 ደግሞ በአሜሪካ አንድ አዲስ ሕክምና ተፈቀደ። በዐይን ውስጥ የቪታሚን ኤውን ቅመም መልሶ የሚያድሰው ፕሮቲን ከጂን ጉድለት የተነሣ ለሌላቸው ልጆች፣ ትክክለኛውን ጂን በመርፌ ወደ ሬቲናቸው ማስገባት ተቻለ። ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው ለሁለት ዐይን 850,000 ዶላር ነበር።

ይህን የምጽፈው ሳይንስን ለመንቀፍ አይደለም፤ ለእነዚያ ልጆች ደስ ይለኛል። ግን አስቡት ጓደኞቼ። የሰው ልጅ ዕውቀት በአንድ በኩል የአንዲትን ፕሮቲን ጉድለት ከሥሩ እስከ ማቃናት ደርሷል። በሌላ በኩል በ1949 የተጀመረው ሕክምና፣ መብሰል አያሻውም የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ከአንድ ቀን በማያልፍ መንገድ ላይ ላሉት አያቴ በሰዓቱ አልደረሰም። ሌንሱ ርካሽ ሆኗል። ዐረፍተ ነገሩ ግን ማንም ስላልተሸከመው ውድ ሆኖ ቀረ።

አሁን ተቃውሞ የሚያነሡ ወንድሞችና እህቶች እንደሚኖሩ አውቃለሁ።

አንደኛው «ሕዝቡ የቸገረው ሐኪምና ሆስፒታል እንጂ ቃል አይደለም» ይል ይሆናል። እውነት አለው። የዐይን ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም ይበልጡን በከተማ ናቸው። ይህ እንዲለወጥ መጠየቅ ግዴታችን ነው። ነገር ግን አያቴን ያስቀረው የሐኪም ማጣት ብቻ አልነበረም። ልጆቻቸው ያመጧቸው ነበር፤ ሐኪሙም ነበር። ያስቀራቸው «ሲበስል» የሚለው ቃል ነው። ሆስፒታል ቢሠራ እንኳ ሰው በዚያ ቃል እየተመለሰ ቤቱ ከተቀመጠ አልጋው ባዶ ይሆናል።

ሁለተኛው «አማርኛ ለሳይንስ ቃል የለውም» ይላል። ይህን የሚሉት አብዛኞቹ ፈልገው ያጡ ሳይሆኑ ሳይፈልጉ የተውት ናቸው። ዳፍንት የሚለውን ቃል ከአያቶቻችን ተቀብለናል፤ የማየትን ጉድለት በቀንና በማታ በአንድ ቃል ይለያል። ፕሮቲን፣ ቪታሚንና ሌንስ ደግሞ የአማርኛ ዜጋ ከሆኑ ቆይተዋል። ለሌላው ሁሉ እንግዳ ቃል ካልፈጠርን ብለን መድከም አያሻንም፤ ሰው የማያውቀውን እንግሊዝኛ ሰው በማያውቀው ግዕዝ ብንለውጠው ምን ጠቀምነው? እንቁላል፣ ድውር፣ ምስርና አህያ ብዙ መንገድ ይወስዱናል። ይህን የምለው ስለ አማርኛ ብቻ አይደለም። በዚህ ግቢ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛና ሌላም ሌላም ቋንቋ እናቱ ቤት የሚናገር ተማሪ ሞልቷል። የእያንዳንዳችን አያት የምትሰማው በራሷ ቋንቋ ነው።

ሦስተኛው «ይህ የሳይንስ ተማሪዎች ሥራ ነው» ይለኛል። የሳይንሱ ተማሪ ደግሞ «መተርጐም የአርትስ ተማሪዎች ሥራ ነው» ይላል። በሁለታችን መካከል ያለችው ባልቴት ግን በጨለማ ተቀምጣለች። እኛ የአርትስ ተማሪዎች ስለ ብርሃን ስንት ግጥም ጽፈናል! በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ የወጣው «ብርሃን» የሚለው ቃል ቢቆጠር ስንት መብራት በበራ ነበር። እኔም ጽፌያለሁና ራሴን አላወጣም። ታዲያ ብርሃን በዐይን ውስጥ ምን እንደሚሆን ሳናውቅ ስለ ብርሃን መግጠማችን አያሳፍርም?

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ የአርትስና አንድ የሳይንስ ወይም የሕክምና ተማሪ ጥንድ ሆነው፣ በየአገሩ ስለሚታወቅ አንድ በሽታ አንዲት ገጽ በሚናገሩት ቋንቋ ይጻፉ። የሕክምናው ተማሪ ለእውነቱ፣ የአርትሱ ተማሪ ለቃሉ ኀላፊ ይሁን። ከመታተሙ በፊት ደግሞ ማንበብ ለማይችል አንድ ሰው ይነበብለት፤ ያ ሰው ካልገባው ጽሑፉ አልተጻፈም ማለት ነው። ማኅበራችን ለዚህ የሚሆን ጥቂት ደስታ ወረቀት አያጣም። ክረምት ሲገባ እያንዳንዳችን ሁለት ሦስት ቅጂ ይዘን ወደየቤታችን እንሂድ። ስለ ዐይን የሚጻፈው እንኳ ከሦስት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም፦ ሞራ የሚባለው የዐይን ሌንስ መደፍረስ ነው፤ እስኪበስል አይጠበቅም፤ በጠብታና በቅጠል ሳይሆን በቀዶ ጥገና ይድናል።

እኔ በበኩሌ ጀምሬያለሁ። በመጨረሻ ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ ከዚያ የሕክምና ተማሪ ጓደኛዬ ጋር ተማክረን ያዘጋጀነውን ይዤ አያቴ ፊት ተቀመጥሁ። አንድ እንቁላል አስመጣሁ። ሰብሬ ጥሬውን አሳየኋቸው፤ ከዚያም ምጣዱ ላይ አፈሰስሁት። በዳነው ዐይናቸው ትክ ብለው ሲነጣ አዩት። ስለ ሌንሱ፣ ስለ ፕሮቲኑ፣ በሌሊት ስለ ተደፈነው ቦይ ነገርኋቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ጥቂት ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ፦

«እና ልጄ፣ እኛ እስኪያርር ነዋ ስንጠብቅ የኖርነው!»

ከዚያ ነጠላቸውን ይዘው ተነሡ። ወዴት ነው ብላቸው፣ ሦስት ቤት አልፎ ያሉት ጎረቤታቸው ወይዘሮም ሞራቸው እስኪበስል እየጠበቁ ነው አሉኝ። እንቁላል ይዘው ሄዱ።